የባቡር ሥራ ትፈልጊያለሽ? ብር ከማውጣትሽ በፊት ይህን አንብቢ

ዑረይጃ ውስጥ የምትሠሪ እህታችን፣ የሪያድ ሜትሮ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሦስት ጥያቄዎች በእህቶቻችን መካከል ይነሳሉ። «ሜትሮው ላይ ሥራ አለ ይባላል፣ እኔም መግባት እችላለሁ?» «ኮንትራቴን ጨርሼ አገሬ ስገባ የባቡር ሙያ ብማር ያዋጣኛል?» «ወንድሜ የባቡር ኮርስ ክፈይልኝ እያለኝ ነው፣ ልክፈልለት ወይ?»

ሦስቱም ጥያቄዎች ዞረው ዞረው የሚነኩት በላብሽ ያጠራቀምሽውን ሪያል ነው። ስለዚህ መልሱን በደንብ አውቀሽ ብትወስኚ ይሻላል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። የባቡር ሥራ እውነተኛና የተከበረ ሥራ ነው፤ ግን በደላላ አይገዛም። የሚገባበት በሙያ ነው። ያ ሙያ ደግሞ ባቡሩ ቢቆም እንኳ ሌላ ቦታ እንጀራ የሚያበላ መሆን አለበት። ለምን እንዲህ እንደምንል አንድ በአንድ እንየው።

ሪያድ ሜትሮ ላይ ሥራ ማግኘት ይቻላል?

ሜትሮው መንገደኛ መጫን የጀመረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ነው። 6 መስመሮችና 85 ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን ጠቅላላ ርዝመቱ 176 ኪሎ ሜትር ነው። ለዑረይጃ የሚቀርበው በመዲና መንገድ በኩል የሚያልፈው ብርቱካናማው መስመር ነው። ይህ መስመር በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ተከፈተ። ለ2 ሰዓት የሚያገለግል ትኬት 4 ሪያል ነው፤ በእረፍት ቀንሽ ለመንቀሳቀስ ከታክሲ በጣም ይረክሳል።

ተሳፍረሽ ከሆነ አንድ ነገር ሳታስተውዪ አትቀሪም። ባቡሩ ሾፌር የለውም። ፍጥነቱን፣ መቆሙን፣ በር መክፈቱንና መዝጋቱን የሚመራው ኮምፒውተር ነው። ሰዎቹ ያሉት ሌላ ቦታ ነው። የመቆጣጠሪያ ማዕከል ውስጥ ስክሪን የሚከታተሉ፣ ሌሊት ሀዲድና ኤሌክትሪክ የሚፈትሹ፣ ጋራዥ ውስጥ ባቡር የሚጠግኑ፣ ጣቢያ ላይ መንገደኛ የሚያስተናግዱ አሉ። ስለዚህ «ሜትሮ ላይ ሾፌር ይፈልጋሉ» የሚል ሰው ካገኘሽ፣ ገና ከመጀመሪያው ቃሉ ውሸት ነው።

ሌሎቹ ሥራዎችስ? እነሱም በተራ ምዝገባ የሚገኙ አይደሉም። መስመሮቹን የሚያንቀሳቅሱት ካምኮና ፍሎው የተባሉ የኩባንያዎች ጥምረቶች ናቸው። ሠራተኛ የሚቀጥሩት በትምህርት ማስረጃ፣ በፈተናና በሕጋዊ የሥራ ፈቃድ ነው። የሳዑዲ መንግሥትም ለዜጎቹ ቅድሚያ ይሰጣል።

ለዜጎቹ ራሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንድ ምሳሌ እንንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ በመካና በመዲና መካከል በሚሄደው የሐረመይን ፈጣን ባቡር ላይ ለሴት አሽከርካሪዎች 30 የሥራ ቦታ ወጣ። ያመለከቱት ሴቶች 28 ሺህ ነበሩ። መጀመሪያ የተለዩት በትምህርት ደረጃቸውና በእንግሊዝኛ ችሎታቸው ነው። የተመረጡት አንድ ዓመት ያህል ደመወዝ እየተከፈላቸው ሠለጠኑ፤ በ2023 መጀመሪያ ላይ 32 ሳዑዲያውያን ሴቶች ሥልጠናውን መጨረሳቸው ተነገረ። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን ባቡር ሴት መንዳት እንደምትችል አሳይተዋል። ግን አንዷም በደላላ አልገባችም።

ኢቃማሽን አስቢ

ኢቃማሽ ላይ የተጻፈው ሙያ የቤት ሠራተኛ ከሆነ፣ ከከፊልሽ ውጭ ሌላ ቦታ ሄደሽ መሥራት ሕገወጥ ነው። ከቤት ወጥተሽ «ሁሩብ» ከተመዘገበብሽ ደግሞ ደመወዝሽን ለመጠየቅ እንኳ ይከብድሻል። እስርና ወደ አገር መባረር ሊከተል ይችላል። የሜትሮ ሥራ ተስፋ ብለሽ የወጣሽበት በር፣ ያለሽንም ሊያሳጣሽ ይችላል።

«ይህን ያህል ሪያል ክፈይ፣ ኢቃማሽን ወደ ሜትሮ ኩባንያ እናዞርልሻለን» የሚል መልእክት በዋትሳፕ ወይም በቲክቶክ ቢደርስሽ እነዚህን አስተውዪ፦

ሕጋዊ ዝውውር የሚካሄደው በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ ነው። የቤት ሠራተኛ ኮንትራት በሙሳነድ ላይ ይመዘገባል፤ አሠሪ ሲቀየርም አንቺ ፈቃድሽን ትጠየቂያለሽ። በዋትሳፕ የሚያልቅ ዝውውር የለም።

በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የኢቃማና የዝውውር ክፍያ በአሠሪው ላይ የሚወድቅ ነው። ሠራተኛዋን «ክፈይ» የሚል ሰው ለራሱ ኪስ ነው የሚጠይቀው።

ፓስፖርትሽን ወይም የኢቃማሽን ፎቶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስልክሽ ላይ የሚመጣውን የአብሸር ቁጥር ለማንም አትስጪ። በዚያ ቁጥር ሌላ ሰው በስምሽ ብዙ ነገር ማድረግ ይችላል።

ጥርጣሬ ካለሽ በ19911 ወደ ሳዑዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴር መደወል ትችያለሽ። ወይም ሪያድ የሚገኘውን ኤምባሲያችንን ጠይቂ።

ባቡር ማለት ሾፌር ብቻ አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሪያድ ውስጥ በሩ ለአንቺ ጠባብ ቢሆንም አገር ቤት የባቡር ሥራ አለ። ግን ብዙ ሰው «የባቡር ሥራ» ሲባል የሚያስበው መሪ የጨበጠውን ሰው ብቻ ነው። አሽከርካሪዎች ከጠቅላላው ሠራተኛ ጥቂቶቹ ናቸው። ዓይናቸው ቀለም መለየት መቻሉ፣ ጆሯቸውና ጤናቸው ይመረመራል፤ በፈረቃ፣ ሌሊትም በዓልም ይሠራሉ። አንድ ባቡር እንዲሄድ ግን ከጀርባው ብዙ ዓይነት ሙያ አለ።

ሀዲድ። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ርቀት በአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ሙቀት ብረቱን ይለጥጠዋል፣ ጎርፍ ከሥሩ ያለውን ጠጠር ይጠርገዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚለኩና የሚያስተካክሉ፣ ብረት የሚበይዱ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ይህ የሲቪልና የብየዳ ሙያ ነው።

ኤሌክትሪክ። ይኸው መስመር የሚሠራው በናፍጣ ሳይሆን ከሀዲዱ በላይ በተዘረጋ 25 ሺህ ቮልት በሚሸከም ሽቦ ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር 750 ቮልት ይጠቀማል። ሽቦውን፣ ትራንስፎርመሩንና የኃይል ማከፋፈያውን የሚጠብቁ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ናቸው።

ምልክትና ግንኙነት። ሁለት ባቡር በአንድ ሀዲድ እንዳይገናኝ የሚያደርገው ይህ ክፍል ነው። ኤሌክትሮኒክስ፣ ኮምፒውተርና ኔትወርክ የተማረ ሰው ይፈልጋል።

የባቡር ጥገና። ፍሬን፣ ጎማ፣ በር፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ ሞተር። አውቶ መካኒክና ኤሌክትሮ መካኒክስ የተማረ ሰው መነሻው ይህ ነው።

ጭነት። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር እንጀራው ከመንገደኛ ይልቅ ጭነት ነው። ኮንቴይነር፣ ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ቡና ይጫንበታል። እንዶዴ የጭነት ጣቢያ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ድሬዳዋ ላይ ሰነድ የሚያዘጋጁ፣ ጉምሩክ የሚያስጨርሱ፣ መጋዘን የሚይዙ ሰዎች ይሠራሉ።

ጣቢያና አገልግሎት። ትኬት፣ የመንገደኛ መስተንግዶ፣ መረጃ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ እንዲሁም ሒሳብና ግዢ የሚሠሩ የቢሮ ሠራተኞች።

ይህን ዝርዝር ስታነቢ አንድ ነገር ልብ በዪ። ከእነዚህ ሙያዎች አብዛኞቹ ባቡር በሌለበትም ይሠራሉ። ኤሌክትሪክ የተማረ ፋብሪካ ይቀጥረዋል። ብየዳ የሚያውቅ ኮንስትራክሽን ይፈልገዋል። የጉምሩክና የሎጂስቲክስ ሰው የትራንዚት ድርጅት ይወስደዋል። ይህ ለምን እንደሚጠቅም የሚታየው የአገራችንን የባቡር ታሪክ ስናይ ነው።

አገራችን ያለው ባቡር ያለፈበት መንገድ

ከጅቡቲ የተነሳው የመጀመሪያው ምድር ባቡር ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በዚያ ባቡር ነው። አዲስ አበባ «ለገሀር» የምንለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን ከሚጠሩበት ቃል ነው። ብዙ ቤተሰብ በባቡር ደመወዝ ልጅ አሳድጎበታል። ግን ሀዲዱ አረጀ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የአዲስ አበባ–ድሬዳዋ ባቡር መሄዱን አቆመ።

ቀጥሎ አዲሱ ዘመን መጣ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። በኋላ ግን በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆሙ፤ ለምን ሰልፉ እንደረዘመ አዲስ አበባ ያለ ዘመድሽ ይነግርሻል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በጃንዋሪ 2018 መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ያንቀሳቀሱት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ኃላፊነቱ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች ተላለፈ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ እንዲደርስ የታቀደው መስመር ደግሞ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ብዙው ከተሠራ በኋላ በኃይል አቅርቦትና በጦርነቱ ምክንያት ተጓተተ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የባቡር ሥራ አለ፤ ቀድሞ በውጭ ሰው እጅ የነበረው ሥራ አሁን ወደ እኛ ሰው እየተላለፈ ነው። ሁለተኛ፣ ባቡር በአገራችን ይጀመራል፣ ይቆማል፣ ይጓተታል። ሀዲዱ ሲቆም «ከባቡር በቀር ሌላ አላውቅም» ያለ ሰው አብሮ ይቆማል። ኤሌክትሪክ፣ መካኒክ ወይም ሎጂስቲክስ የያዘ ሰው ግን ሌላ በር ያንኳኳል።

ታዲያ ምን ይማራል?

«የባቡር ምህንድስና» የሚባለውን ስም ስትሰሚ አትደናገጪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ የአፍሪካ የባቡር ልህቀት ማዕከል አለው። እዚያ ትምህርቱ የሚሰጠው በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ ነው። ማለትም መጀመሪያ በሲቪል፣ በኤሌክትሪክ ወይም በመካኒካል ዲግሪ የያዘ ሰው ነው የሚገባው። ወንድምሽ ወይም እህትሽ ገና 12ኛ ክፍል ከሆኑ፣ መንገዱ በዚያ ዲግሪ በኩል ነው።

ዩኒቨርሲቲ ላልገባ ሰው ሁለተኛው መንገድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌትና እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ አሉ፤ በክልል ከተሞችም የመንግሥት ፖሊ ቴክኒኮች አሉ። ትምህርቱ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ይከፈላል። ደረጃው ሲጠናቀቅ የብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ፣ ይወሰዳል። ሲኦሲ ለአንቺ አዲስ ቃል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቤት ሠራተኛም የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ስለደነገገ፣ ብዙዎቻችሁ ተፈትናችሁበታል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም፣ በያጁም የሚፈተነው በዚያው ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ለባቡር የሚጠቅም፣ ግን ባቡር ላይ ብቻ የማይወሰን ምርጫ ይህን ይመስላል፦ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሮ መካኒክስ፣ ብየዳ፣ ኔትወርክና ኮምፒውተር፣ ሎጂስቲክስና ጉምሩክ፣ ሒሳብ። ባቡር ድርጅት ሰው ሲቀጥር በእነዚህ ሙያዎች ላይ የራሱን ሥልጠና ይጨምርበታል። የቀላል ባቡሩና የጅቡቲው መስመር አሽከርካሪዎችና ቴክኒሻኖች የሠለጠኑትም እንዲህ ነው፤ ቻይና ሄደው የተማሩም አሉ። ባቡር መንዳትን የሚያስተምርሽ ባቡሩ ያለው ድርጅት ነው፤ ባቡር የሌለው ኮርስ ቤት በሦስት ወር ሊያስተምርሽ አይችልም።

አንቺ ከዚህ ይዘሽ የምትሄጂው

«እኔ ምን አለኝ፣ ስጠርግና ሳበስል ነው የኖርኩት» የምትዪ ካለሽ ቆም ብለሽ አስቢ። የጅቡቲ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። የአገራችን ዕቃ በአብዛኛው የሚገባውና የሚወጣው በጅቡቲ ወደብ ነው። ማዳም ቤት በጆሮ የለቀምሽው ዐረብኛ፣ ለትራንዚት ድርጅት፣ ለጭነት ቢሮ፣ ለመንገደኛ አገልግሎት ዋጋ አለው። የጎደለሽ ምናልባት ማንበብና መጻፉ ነው። ንግግሩን ካወቅሽ በኋላ ፊደሉን መማር ከባዶ እንደመጀመር አይከብድም። የመድኃኒቱን ወረቀት፣ የሱቁን ጽሑፍ፣ የሜትሮ ጣቢያውን ስም በማንበብ ጀምሪ፤ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለተጻፈ ሁለቱንም ትለምጃለሽ።

ግን እውነቱን እንናገር። ዐረብኛው ብቻውን አያስቀጥርም። ትምህርትሽን 10ኛ ክፍል ላይ ካቆምሽ፣ አገር ቤት ስትገቢ የመጀመሪያው ሥራሽ በማታ ትምህርት እሱን መጨረስ ነው። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል። ሌላ ኮንትራት ብትፈርሚም ሁለት ዓመቱ ይሄዳል። ልዩነቱ በመጨረሻው እጅሽ ላይ የሚቀረው ነገር ነው።

ዕድሜም አይከልክልሽ። ለአሽከርካሪነት የዕድሜ ገደብ ሊወጣ ይችላል፤ ለሒሳብ፣ ለመጋዘን፣ ለሰነድ ሥራ ግን የሚታየው ማስረጃሽና ችሎታሽ ነው። ልጅ ካለሽ ደግሞ የፈረቃ ሥራ ማለት ሌሊት መውጣት መሆኑን አስቀድመሽ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሪ።

«ኮርስ ክፈይልኝ» ሲሉሽ

ወንድምሽ ወይም እህትሽ ገንዘብ ሲጠይቁሽ መጨነቅሽ ያለ ነው። እንቢ ማለትም፣ ዝም ብሎ መላክም ግድ አይደለም። ሐዋላ ከመላክሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ፦

ኮሌጁ ፈቃድ አለው? ለዚህ ትምህርትና ለዚህ ደረጃ ፈቃድ ማግኘቱ በጽሑፍ ይታይ።

ሲጨርስ ሲኦሲ የሚፈተነው በየትኛው ሙያ ነው? መልሱ «የራሳችንን ሰርተፍኬት እንሰጣለን» ከሆነ ተይው።

«ሥራ እናስገባለን» የሚሉ ከሆነ፣ የትኛው ድርጅት፣ በየትኛው ማስታወቂያ? የባቡር ድርጅት ሲቀጥር ማስታወቂያ ያወጣል፣ ይፈትናል። ለመቀጠር ገንዘብ አይቀበልም።

ባቡር ሥራ ባይገኝ በዚህ ሙያ የት ይሠራል? ጠያቂው ራሱ ሦስት ቦታ መጥራት ካልቻለ ገና አላሰበበትም።

ተመሳሳዩ ትምህርት በመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ አለ? ካለ መጀመሪያ እዚያ ይመዝገብ።

ክፍያውን በአንድ ጊዜ አትላኪ። በተርም ይከፈል፤ ደረሰኙና ውጤቱ በፎቶ ይምጣልሽ። ይህ አለማመን አይደለም። ገንዘቡ የማን ድካም እንደሆነ የሚያውቅ ወንድም ደረሰኝ መላክ አይከብደውም።

ከዛሬ ጀምሮ ምን ልታደርጊ ትችያለሽ?

አገር ቤት የቀረውን የትምህርት ማስረጃሽን ቤተሰብ ፈልጎ እንዲያስቀምጥልሽ ንገሪ። ከጠፋ ትምህርት ቤቱ ሄደው ምትክ እንዲጠይቁ አድርጊ፤ አንቺ ስትደርሺ መሯሯጡ ይቀንስልሻል።

ከደመወዝሽ ላይ ለራስሽ ትምህርት የሚሆን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለብቻ አስቀምጪ። በራስሽ ስም ባለ አካውንት ይሁን። ቤት ለሚሠራው፣ ለሚያገባው፣ ለሚታመመው ሁሉ ስትልኪ የአንቺ ድርሻ ዜሮ ሆኖ እንዳይቀር።

አዲሱ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይሰጥሻል፤ ፓስፖርትሽም በእጅሽ መሆን አለበት። እረፍቱን የምታገኚ ከሆነ ከዚያ ቀን አንድ ሰዓት ለዐረብኛ ንባብ፣ ለእንግሊዝኛ ወይም ለሒሳብ ስጪ። የማይሰጥሽ ከሆነ ስለ መብትሽ በ19911 ጠይቂ።

ኮንትራትሽ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው፣ ለመታደስ ከመፈረምሽ በፊት አንድ ወረቀት ውሰጂና ጻፊ፦ ምን ያህል አለኝ? የትኛውን ሙያ ልማር? ስንት ዓመት ይፈጃል? እስክጨርስ ማን ያኖረኛል? መልሱ ከተሟላ ወደ አገርሽ የምትገቢው በዕቅድ ነው። ካልተሟላም የቀረሽን ታውቂያለሽ፤ ቀጣዩን ኮንትራት ብትፈርሚም የምትፈርሚው እሱን ለማሟላት ይሆናል።